ከፀሐይ ወደ ብርሃን፣ ከምድር ወደ ስበት፤ የዕፅዋት እድገት ስያሜዎች ታሪክ

የሳይንስ ስያሜ የዕውቀትን ታሪክ ተሸክሞ ይጓዛል። ተርጓሚ ታሪኩን ሳይመረምር ቃሉን ብቻ ቢያሻግር፣ ባለቤቱ የጣለውን ስሕተት መልሶ ሊያነሣ ይችላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቡቃያ ወደ ብርሃን መጉበጡን «ሄሊዮትሮፒዝም»፣ ለስበት የሚሰጠውን ምላሽ ደግሞ «ጂኦትሮፒዝም» ይለዋል። የመጀመሪያው ስም ፀሐይን፣ ሁለተኛው ምድርን በግሪክኛ ይጠራል። ይሁን እንጂ ቡቃያ ለመብራትም ይጎብጣል። ቶማስ አንድሩ ናይትም ቀደም ብሎ በ1806 በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ዘር አብቅሎ፣ ሥሩ ወደ ውጭ፣ ግንዱ ወደ መሐል ሲያድግ አሳይቶ ነበር። ስለዚህ መሪው ኃይል እንጂ ምድር ራሷ አይደለችም። ኋላም «ፎቶትሮፒዝም» እና «ግራቪትሮፒዝም» የቀድሞዎቹን ስሞች ተኩ።

ዳርዊንና ልጁ የቡቃያው ጫፍ ሲሸፈን ጉብጠቱ እንደሚቀር አይተው፣ ከጫፍ ወደ ታች የሚተላለፍ ነገር እንዳለ ገመቱ። ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት በ1926 ያንን ነገር ከአጃ ቡቃያ ጫፍ በአጋር ቁራጭ ሰበሰበ፤ ቁራጩን ጫፉ በተቆረጠ ቡቃያ አንድ ወገን ላይ በጨለማ ቢያኖረው፣ ቡቃያው ወደ ተቃራኒው ወገን ጎበጠ። ንጥረ ነገሩ በጥላው ወገን ሲበዛ በዚያ ያሉት ሕዋሳት ይበልጥ ይረዝማሉ፤ ግንዱም ወደ ብርሃን ይጎብጣል። በተጋደመ ተክል ግን በታችኛው ወገን ይበዛል፤ የግንዱን የታች ወገን አስረዝሞ ወደ ላይ ያቀናዋል፣ የሥሩን ግን ገትቶ ወደ ታች ያጎብጠዋል።

ኮግል እና ሃገን ስሚት በ1931 «ማደግ» ከሚል የግሪክ ግስ «ኦክሲን» የሚለውን ስም አወጡ። በ1934 የተገኘውን ኢንዶል አሴቲክ አሲድ ግን «ሌላው ኦክሲን» በሚል ፍች «ሄትሮኦክሲን» አሉት። በ1966 የቆዩት ናሙናዎች ቢመረመሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ኦክሲኖች የተባለላቸው ውሁዶች ሆነው አልተገኙም፤ «ሌላው» የተባለው ዋናው ሆነ። ስሙ የጸናው ከቅመራ ሳይሆን ከተግባር ስለተቀዳ ነው፤ በአማርኛም «ኦክሲን» እንዳለ ቢወሰድ ይበጃል።

ለ«ትሮፒዝም» ግን አማርኛ የራሱ መንገድ አለው። «ዘመም» ብንል፣ ከስበት የሚሸሸውን ግንድ ወደ ስበት ያዘመመ ያስመስለዋል። «መር» ግን መሪውን ብቻ ይጠቁማል፤ አቅጣጫውን አስቀድሞ አይወስንም። ስለዚህ «ብርሃን-መር ጉብጠት» እና «ስበት-መር ጉብጠት» ብንል፣ ሥር አዎንታዊ፣ ግንድ አሉታዊ ስበት-መር ጉብጠት አለው ለማለት ቃሉ አያግደንም።