ዳገቱና የአባቴ ብስክሌት

የአባቴ ጣሊያን ሠራሽ ብስክሌት አምስት የኋላ ማርሽ ነበራት፤ ትልቁ 24 ጥርስ ብቻ። አባቴ ከአዳማ አሰላ ያለውን 75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚያው ወጥቶታል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት የተወዳደሩት ገረመው ደንቦባ ጀግናው ነበሩ። እኔ ግን ኢተያ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ።

ባለፈው ክረምት 24ቱን በ28 ጥርስ፣ ቀጭኑን ጎማም ሰፋ ባለ ጎማ ለወጥሁ። ፔዳሉ ቀለለ፤ ፍጥነቱ ቀነሰ። አባቴን የካድሁ መሰለኝ። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ደግራንዥም የማርሽ መለዋወጫን ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የሚሆን ነገር አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ በውድድሩ ለሁሉም የተፈቀደው ገና በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። (እኔስ ዕድሜዬ ገፍቶ የለ? ምን ይደረግ!)

አሮጌውን ማርሽ በጨርቅ ጠቅልዬ አኑሬዋለሁ። በመስከረም ጎንዴን ሳልፍ፣ ጭላሎ በግራዬ ሲገለጥ፣ ከኮርቻዋ አልወረድሁም።