ጀጎልን ትተው አውሳ የገቡት

በግንብ የታጠረ ከተማ ትቶ መናገሻውን አጥር ወደሌለው ሜዳ ያዛወረ ገዥ በታሪካችን ብዙ አይገኝም። ኢማም መሐመድ ጋሳ ግን ይህንኑ አደረጉ። በ1569 ዓ.ም. ገደማ የአዳልን መናገሻ ከሐረር አንሥተው ወደ አውሳ ወሰዱት። ሐረርን በዚያን ጊዜ አሚር ኑር ያሠሩት ጀጎል ከቧት ነበር። አውሳ ደግሞ ከዛሬዋ ሰመራ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ፣ የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳያይ ሐይቅና ረግረግ ሆኖ የሚቀርበት ለምለም ሜዳ ነው።

ያስገደዳቸው ነገር ነበር። የአዳል ሱልጣን ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ጋር ተዋግተው ወድቀዋል፤ የኦሮሞ መስፋፋትም የሐረርን ዙሪያ አጥብቦታል። እንፍራዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራን ግንብ እንዳሠሩ የሚነገርላቸው እኚሁ ሠርፀ ድንግል ናቸው። በአንድ ዘመን አንደኛው ወገን ድንጋይ በኖራ ሲያስነባብር ሌላኛው የተነባበረውን ትቶ ወደ በረሃ ወረደ ማለት ነው።

ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ምሽግ ሲነሣ ብዕራችን ቶሎ ብሎ ጎንደር ይደርሳል። የፋሲል ግንብ ይገባዋል፤ ቅር የሚለኝ ስለ አፋር የሚጻፈው ገጽ ባዶ መቅረቱ ነው። ግንብ ስለማይታይ ምሽግም ያልነበረ ይመስለናል።

የአውሳ ምሽግ ግን ነበረ፤ የተሠራውም ከሌላ ነገር ነው። ከባሕር በኩል የሚመጣ ሰው ውኃ የሌለበትን የላቫ ሜዳ ማቋረጥ አለበት። ከደጋ የሚወርደው ደግሞ ከአዋሽ ወንዝ ርቆ ብዙ መጓዝ አይችልም፤ ወንዙን ተከትሎ ከሄደ ደግሞ የት እንዳለ ሁሉ ያውቃል። መጨረሻ ላይ ጫካው፣ ረግረጉና ሐይቆቹ ይጠብቁታል። መኖሪያውም ለዚህ አገር የተበጀ ነው፤ ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩትን ሰሌን በጎበጡ እንጨቶች ላይ አልብሰው የሚያቆሙት ጎጆ በሰዓታት ውስጥ ፈርሶ ግመል ላይ ይጫናል። እንዲህ ያለውን ቤት ከብቦ ማስራብ አይቻልም።

የማማውን ሥራ የሚሠራው ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ከየት፣ ከማን፣ መቼ እንደሆነ ለይተው ይለዋወጣሉ፤ ያልተጣራ ወሬ ማሳለፍ ነውር ነው። ማማ ላይ የቆመ ዘበኛ ዓይኑ እስኪደርስበት ያያል። ዳጉ ግን የቀናት መንገድ ርቆ ያለውን ያያል።

ይህን ሁሉ የፈተነው 1868 ዓ.ም. ነው። የግብፁ ከዲቭ ኢስማኢል ኢትዮጵያን ከየአቅጣጫው ለመያዝ ጦር ልከው ነበር። በጥቅምት ወር ራዑፍ ፓሻ ሐረር ገባ፤ ጀጎል አላስቆመውም፤ ግብፆችም እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ በከተማዋ ተቀመጡ። በዚያው ሰሞን ሁለተኛው ጦር ከታጁራ ተነሥቶ ወደ አውሳ ያመራ ነበር። አዛዡ ቨርነር ሙንዚንገር የስዊስ ተወላጅ ነው። ምጽዋን ያስተዳድር የነበረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊትም ከረንን ለግብፅ የያዘ ሰው ስለሆነ አገሩን የማያውቅ ጀማሪ ሊባል አይችልም። ወታደርና መድፍ ይዟል፤ ባለቤቱም አብራው ነበረች። ሐሳቡ ወደ ሸዋ የሚወስደውን መንገድ ከፍቶ ከምኒልክ ጋር በመዋዋል ዐፄ ዮሐንስን ከኋላ ማስጨነቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ጓዝ ዳጉ ባለበት አገር ሳይታወቅ ማለፍ አይችልም። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬም እንግዳው መሐል አገር እስኪደርስ ታገሡት። በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ሰፈሩ በተኛበት ሌሊት፣ የአፋር ተዋጊዎች ገቡበት። ሙንዚንገር ሞተ፤ ባለቤቱም ሞተች፤ የተረፉት ጥቂቶች ወደ ባሕሩ ሸሹ። በዚያው ወር የግብፅ ዋና ጦር ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ ተደመሰሰ። ጉንደትን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ከእርሱ ጎን የአውሳው ሌሊት ያልተጻፈልን ለምን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም፤ በአንድ ወር የተመታው የአንድ ወራሪ ሁለት ክንድ ነውና።

ጣሊያኖችም ሞክረዋል። ጁልየቲ በ1873፣ ቢያንኪ በ1877 ዓ.ም. ወደ አፋር በረሃ ገብተው ከነጓደኞቻቸው ተገደሉ። በ1881 ዓ.ም. ግን በመልእክተኛቸው በአንቶኔሊ በኩል ከሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ጋር ውል ተፈራረሙ።

እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ አውሳ ሲደርስ ሱልጣን መሐመድ ያዮ የተቀበሉት በአዳራሽ አልነበረም። በምሽት፣ ጫካ መሐል ባለ ገላጣ ስፍራ፣ ተዋጊዎቻቸው ከበው ቆመው ነበር። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የዙፋን ክፍል አያንስም። ደግሞም ያልተፈቀደለት ሰው መንገዱን ፈልጎ ሊያገኘው የማይችል አዳራሽ ነው።

የላይኛው የወንዙ ክፍልም የራሱ ቅጥር አለው። አዋሽ ሰባት ኪሎ አጠገብ ወንዙ የቆረጠው ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ሰው የአዲስ አበባን የምሥራቅ በር እያየ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የሚሸሸው የጣሊያን ጦር ድልድዮቹን አፍርሶ እዚህ ሊከላከል ሞከረ። የእንግሊዝ ጦር ግን ብዙም ሳይቆይ ተሻገረ፤ ከቀናት በኋላም መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያኖች ጥልቅ ገደል አግኝተው ነበር፤ ጠባቂ የሚሆናቸው ሕዝብ ግን አልነበራቸውም።

የአውሳ ምሽግ እንዴት ተከፈተ? ኢማሞቹ አውሳ ላይ የቆዩት መቶ ዓመት ያህል ነው፤ በኋላ ሥልጣኑ ራሳቸው አፋሮች እጅ ገብቶ የሙዳይቶ ሥርወ መንግሥት ተመሠረተ። ከውጭ ግን መድፍ አልከፈተውም። የከፈተው መንገድ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ የዘረጉት አውራ ጎዳና የላቫውን ሜዳ ሰንጥቆ አለፈ። በ1936 ዓ.ም. የመንግሥት ጦር ወርዶ ከጣሊያን ጋር አብረዋል የተባሉትን ሱልጣን መሐመድ ያዮን ያዘ፤ አሊ ሚራህ ሐንፈሬም ተተኩ። እርሳቸው በጥጥ እርሻ ሱልጣኔቱን ያበለጸጉ ሰው ናቸው፤ በ1967 ዓ.ም. ግን ደርግ መሬቱን ሲወርስና ጦር ሲያዘምት አገር ለቀው ወጡ። የተመለሱት በ1983 ዓ.ም. ነው።

ሰመራም የተቆረቆረችው በዚያው በሎግያ በኩል በሚያልፈው ጎዳና ላይ ነው። ዛሬ የክልሉ መናገሻ እርሷ ናት፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ሌትና ቀን በአጠገቧ ያልፋሉ። ወደ አሳይታ የሚወስደው መንገድ ከዚያ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሙንዚንገር ከታጁራ ተነሥቶ በሳምንታት ጉዞ የደረሰበትን አገር አሁን አንድ ሹፌር በጥቂት ሰዓታት ይገባበታል፤ ዳጉ የሚጠይቀው ቢያገኝ እንኳ ለመቆም ጊዜ የለውም።