ርቀት ስንት ብር ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ፍለጋ የወጣ ሰው «ወደ ዳር ውጣ፤ ዳር ላይ ይረክሳል» የሚል ምክር ሳይሰማ አይቀርም። በደቡብ በኩል ዳር ማለት አቃቂ ቃሊቲ ነው። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ የአቃቂ ኪራይ ከቦሌ ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ ሒሳቡን መንገድ ላይ ማቆሙ ነው። ከኪራይ የተረፈችው ብር የት ትሄዳለች? ለታክሲ፣ ለጀሪካን ውሃ፣ ለመድኃኒት። ብር ሳይሆን የሚከፈል ደግሞ አለ፤ ጊዜ። የአቃቂን የመቶ ዓመት ታሪክ በዚህ ዓይን ስናየው ስለ ኑሮ ውድነት የሚነግረን ነገር አለ፤ የጤፍና የዘይት ዋጋ ብቻውን የማይነግረን ነገር።

መጀመሪያ የመጣው ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1907 ዓ.ም. አቃቂ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዋና ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አቃቂ ለሁለት ዓመት የመስመሩ ጫፍ ሆና ቆየች። ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። በጣልያን ወረራ ዋዜማ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አቤቱታቸውን ለዓለም ያሰሙበት የአገሪቱ የመጀመሪያ ማሠራጫ ጣቢያ የቆመው እዚሁ ነበር። ጣልያን ከገባ በኋላ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ግድብ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው።

ልብ በሉ፤ የከተማዋ በር፣ የከተማዋ ድምፅ፣ የከተማዋ መብራት ሁሉም አቃቂ ላይ ነው የተተከሉት። ተጠቃሚው ግን መሐሉ ነው። ከተማ ሲያድግ ሰፋ ያለ ሜዳና ወንዝ የሚፈልገውን ነገር ወደ ዳር ይገፋል፤ ከዳሩ የሚገኘውን ጥቅም ደግሞ ወደ መሐል ይስባል። ይህ ልማድ በአቃቂ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም።

ፋብሪካዎቹ የመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃ አለ፣ ሐዲድ አለ፣ የደብረ ዘይት መንገድ አለ፣ መሬቱ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሕንዱ የቢርላ ቤተሰብ ኩባንያ በሽርክና ያቋቋመው ኢንዶ ኢትዮጵያን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ሥራ ጀመረ። ለሕንዶች ከአገራቸው ውጭ ካቆሟቸው የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎች አንዱ ነው። ለአቃቂ ግን ከፋብሪካነት በላይ ነበር። ከየገጠሩ የመጣው ወጣት መሬት ካላቸው ሰዎች ጓሮ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ሺፍቱን ጠብቆ በእግሩ ገብቶ በእግሩ ይወጣል። ሌሎች ፋብሪካዎች ሲጨመሩ በዙሪያቸው የሠራተኛ ሰፈር በቀለ፤ ጠላ ቤቱ፣ ጉልቱ፣ ልብስ ሰፊው ተከተለ።

የዚያ ዘመን ኑሮ የተመቸ ነበር ለማለት አይደለም። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ የክር አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ ቤቱ ጭቃ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው፤ ሥራና ቤት ጎረቤት ነበሩ። ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም ለመንገድ የሚቆረጥ ሳንቲም አልነበረም። ሴትየዋ በምሳ ሰዓት ቤቷ ደርሳ ልጇን አጥብታ መመለስ ትችል ነበር። ይህ በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ግን ገንዘብ ነው።

ትንሿ ደመወዝ ግን አልበቃችም። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ሠራተኛው በማኅበር እንዲደራጅ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት የነዳጅ ዋጋ አናረ፤ መንግሥትም የቤንዚን ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። የካቲት 28 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ለአራት ቀን የቆየ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ከጥያቄዎቹ መካከል የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል፣ ጡረታና የዋጋ ቁጥጥር ነበሩበት። አብዮቱን የተማሪና የወታደር ብቻ አድርገን የምንተርክ ሰዎች፣ የዳቦና የታክሲ ሒሳብ የቱን ያህል እንደገፋው እንዘነጋለን።

ደርግ ለዚህ ሒሳብ የራሱን መልስ ሰጠ። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ትልቁ ቅናሽ ለዝቅተኛው ተከራይ ነበር። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። በኢትዮጵያ ታሪክ የድሃ ሰው የቤት ወጪ በአንድ ሌሊት በሕግ የወረደበት ሌላ ጊዜ ማግኘት ያስቸግራል።

ግን ዋጋ በአዋጅ ሲወርድ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። ኪራዩ ሲወርድ ጥገናው ቀረ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ያዘነብላል፣ ቀበሌ በጀት የለውም። እህልም እንደዚያው ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ይገዛል፤ ነዋሪው ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ በራሽን ይወስዳል። ስኳሩ ርካሽ ነው፤ ችግሩ ስኳሩን ማግኘቱ ነው። በብር የወረደው በሰልፍ ተከፈለ። ያም ሆኖ የቀበሌ ቤት ተከራይ አንድ ትልቅ ሀብት በእጁ ቀረ። ቤቱ ሳይሆን ቤቱ ያለበት ቦታ ማለቴ ነው። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዘመን ተለወጠ። በ1995 ዓ.ም. አቃቂና ቃሊቲ ከአሥሩ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሆነው ተዋቀሩ፤ በ1999ኙ ቆጠራ 181 ሺህ ያህል ሰው ተመዘገበባቸው። ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ የ10/90 ተመዝጋቢ በወር 187 ብር፣ የ20/80 ስቱዲዮ ፈላጊ 151 ብር፣ ባለ አንድ መኝታ ፈላጊ 274 ብር ይቆጥብ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ ሲያነቡት ተረት ይመስላሉ። በዚያን ጊዜ ግን ለአንድ አስተማሪ ወይም ነርስ፣ በየወሩ ከደመወዙ ቆርጦ የቤት ባለቤት የመሆን ተስፋ ነበሩ።

ቤቶቹ የት ተሠሩ? ሰፊ መሬት ባለበት፤ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮየ ፈጬ። የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበረ። ገበሬው የሚነሣው በ1997ቱ የካሳ አዋጅ ነበር፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ይከፈለዋል። የ2011ዱ አዋጅ ይህን ወደ 15 እጥፍ አሳድጎታል። የአሥር ዓመት ምርት ዋጋ በአንድ ጊዜ እጅ ላይ ሲገባ ብዙ ይመስላል፤ ግን የልጅ ልጅ ያርሰው የነበረ መሬት ዋጋ ነው። ርካሹ ኮንዶሚኒየም ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንዱ ወገን አስቀድሞ ከፍሎለታል።

ለዕድለኛው ደግሞ የፋብሪካው ዘመን ነገር ተገለበጠ። ያኔ ሥራው ቀድሞ መጥቶ ቤት በዙሪያው በቀለ። አሁን ቤቱ ቀድሞ መጣ፤ ሥራው መሐል ከተማ ቀረ። እስቲ እንቁጠረው፦ አንድ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ፒያሳ ሥራ ቢኖረው፣ ከሰልፉ ጋር ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታም ሁለት ሰዓት ያጠፋል እንበል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 100 ሰዓት ነው። ከአራት ሙሉ ቀንና ሌሊት በላይ በየወሩ መንገድ ላይ ይኖራል ማለት ነው። ልጁን ተኝቶ ጥሎት ወጥቶ ተኝቶ ያገኘዋል። የዚህን ሰው ኑሮ «ቤት ስላለው ተሻለው» ብሎ መዝጋት ይቻላል?

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ሥራ ሲጀምር ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘ መስሎ ነበር። ታሪፉ ያኔ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ ድሃ የሚችለው። ሁለት ነገር ጎደለ። አንደኛ፣ ሐዲዱ ቃሊቲ ላይ ቆመ፤ አዳዲሶቹ ሰፈሮች ከዚያ ወዲያ ናቸው። ሁለተኛ፣ ከተገዙት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ያውም ትልቅ የመለዋወጫ ፋብሪካ ባለበት ክፍለ ከተማ። በአንጻሩ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። መኪና ያለው በክፍያ ሽው ብሎ ያልፋል፤ የሰፈሩ ሰው ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ ያየዋል።

ውሃውም ያው ነው። ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ዋና የመጠጥ ምንጭ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቧንቧው ከዚህ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚሁ ያለው ሰው ግን ተራው እስኪደርስ ጀሪካን ይደረድራል። ወደ ታች የሚመለሰው የከተማው ቆሻሻ ነው። የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሌላው ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ከየሰፈሩ የሚለቀቀው ሽንት ቤት፣ ሁሉም በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወርዶ አባ ሳሙኤል ይገባል። ያ የድሮው መብራት ማመንጫ በደለልና በእምቦጭ ተይዞ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ የታደሰው በ2009 ዓ.ም. ነው። በወንዙ ዳር የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ላይ ተመራማሪዎች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች ደጋግመው አግኝተዋል። አትክልቱ ደግሞ አቃቂ አይቀርም፤ መሐል ከተማ ገበያ ይወጣል። ወደ ዳር የላክነው ነገር በጎመን መልክ ጠረጴዛችን ላይ ይመለሳል።

የደመወዙ ወገንስ? ከሥራ ግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ በ1994 ዓ.ም. 150 ብር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 600 ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. 2,000 ብር ደረሰ። ሕጉ የኑሮውን ዋጋ ከኋላ ነው የሚከተለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ1966ቱ አድማ የጠየቀው የደመወዝ ወለል ለግሉ ዘርፍ እስካሁን አልተወሰነም፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፎ አልፏል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል፤ ጥሩ ነው፤ የማይነካው ግን ርቀትን ነው።

አሁን ወደ ቀበሌ ቤቱ እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከተነሡት ነዋሪዎች ብዙዎቹ የሄዱት ገላን ጉራ ነው፤ አቃቂ ቃሊቲ። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ጭቃ ቤት የተሻለ መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን የካዛንቺስ ቀበሌ ቤት ኪራይ ጥቂት ብር የነበረው ቤቱ ምንም ስለማይረባ ብቻ አይደለም። የ1967ቱ አዋጅ ሳያስበው ለድሃው የሰጠው ትልቁ ነገር መሐል ከተማ መኖር ነው። እንጀራ ጋግራ ለቢሮ ሠራተኞች የምትሸጥ ሴት ደንበኞቿ በሩ ላይ ነበሩ። የቀን ሠራተኛው በእግሩ ሥራ ፈልጎ፣ ካጣም በእግሩ ይመለስ ነበር። ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ ሁሉም በአንድ ሰፈር ነበር። ይህ ሁሉ በካሳ ሰነድ ላይ መስመር የለውም፤ ስለዚህ ዜሮ ተብሎ ተቆጠረ።

አቃቂ የሠራተኛ ከተማ ሆና የኖረችው ሥራ ስለመጣላት ነው። ገላን ጉራም ልትሆን ትችላለች። የሚወስነው የግድግዳው ቀለም አይደለም። የጋገረችው ሴት አዲስ ደንበኛ ማግኘቷ፣ አውቶቡሱ በሰዓቱ መምጣቱ፣ ቧንቧው ላይ ውሃ መኖሩ፣ የቀን ሠራተኛው በእግሩ የሚደርስበት ሥራ መከፈቱ ነው የሚወስነው። እነዚህ ከሌሉ ሰዎቹ በየቀኑ ወደ ካዛንቺስ ይመላለሳሉ፤ ቤታቸው ወደነበረበት ቦታ፣ አሁን ግን ታክሲ ከፍለው።