የተሰረዘችው ፊደል

የሥነ ፈለክ ታሪክ ሲነሣ ብዙው ሰው የሚጠራው ጋሊሊዮን ነው። እኔ ግን አስቀድማ ትዝ የምትለኝ አንዲት የመስታወት ሰሌዳ ናት።

ኤድዊን ሃብል ይህችን ሰሌዳ ያነሣት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1923፣ በ5 ለ6 አጥቢያ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ ነው። የቴሌስኮፑ መስተዋት 2.5 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ በዘመኑ በዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሰሌዳው ላይ ከታዩት የአንድሮሜዳ ከዋክብት ሦስቱ ድንገት ፈክተው የሚከስሙ፣ ኖቫ የሚባሉት መሰሉትና በያንዳንዳቸው አጠገብ «ኤን» የምትል ፊደል ጻፈ። በኋላ ከቆዩ ሰሌዳዎች ጋር ሲያስተያይ ግን አንደኛዋ ደብዝዛ መልሳ የምትደምቅ ሆና አገኛት። «ኤን»ን ሰርዞ «ቫር!» አለ፤ ተለዋዋጭ ማለቱ ነው።

ይህች ቃል ያን ያህል ምን ታስደንቃለች ያላችሁ እንደሆነ፣ መልሱ ያለው ሃርቫርድ ነው። በዚያ ሄንሪየታ ሌቪት የተባለች ሴት ሰሌዳ ስትመረምር ኖራ፣ በ1912 የእነዚህ ተለዋዋጭ ከዋክብት ዑደት በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸው እንደሚጨምር አሳየች። የፋኖሱን ኃይል የሚያውቅ ሰው ደብዝዞ ሲታየው ርቀቱን መገመት ይችላልና፣ ሃብልም የኮከቧን የ31 ቀን ዑደት ይዞ ርቀቷን 900 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ አደረሰው። ፍኖተ ሐሊብ በስፋት ከ300 ሺህ አይበልጥም፣ አንድሮሜዳም የተለየ ጋላክሲ አይደለም ሲል የተከራከረው ሃርሎ ሻፕሊ በ1924 የሃብል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ዓለሜን ያፈረሰ ደብዳቤ ይኸው ማለቱን ሴሲሊያ ፔን ታስታውሳለች። ሌቪት ግን በ1921 ዐርፋ ነበር። እኔ ብጠየቅ የዚያን ሌሊት ክብር እኩሌታ ለእሷ እሰጣለሁ።

የስሙ ነገርም አለ። እነዚህ ከዋክብት ሴፊድ የተባሉት በንጉሥ ሴፌዎስ በተሰየመው የከዋክብት ክምችት ነው፤ በግሪኮች ተረት ሴፌዎስ የ«ኢትዮጵያ» ንጉሥ፣ አንድሮሜዳም ልጁ ናት። ግሪኮቹ የዛሬዋን አገራችንን ለይተው ማለታቸው ባይሆንም፣ የአባት ስም የያዘ ኮከብ በልጅቱ ውስጥ መገኘቱ ደስ ይላል።

ቁጥሩ እንዳለ አልቀረም። በ1952 ቫልተር ባዴ ሴፊዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ሲገልጽ ርቀቱ በእጥፍ ገደማ አደገ፤ ዛሬ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። በ2010 እና በ2011 በሃብል ስም የተሰየመው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያችኑ ኮከብ ፎቶግራፍ አነሣት። መቼ እንደምትደምቅ፣ መቼም እንደምትደበዝዝ በየሌሊቱ ተከታትለው የጠቆሙት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰማይ ተመልካቾች ናቸው።