ያልተጻፈው ድምፅ

በደርግ ዘመን፣ ልጅ ሆኜ ዳባት ሳለሁ፣ የሠፈራችን ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርሁ። ልጃቸው የዘመተባቸው አንዲት እናት ከጓደኛው የመጣ ወረቀት ይዘው መጡ። ሰላምታውን ጨርሼ «ልጅዎ አለ» የሚለው ላይ ስደርስ «አለ»ን አላላሁት፤ የተናገረው ነገር የሚከተል መስሎኝ ድምፄን አንጠልጥዬ ቆምሁ። የሚከተለው ግን አራት ነጥብ ነው።

«ምን አለ?» አሉኝ።

የተናገረውን ፍለጋ ወረቀቱን ገለበጥሁ። ፊታቸው ሲለዋወጥ ዛሬም ይታየኛል። ኋላ ራሳቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩት፣ «እስቲ ረግጠህ በላት፣ ልጄ!» አሉኝ። አጠበቅኋት። አለ፤ በሕይወት አለ። እልል አሉ።

የሚገርመኝ፣ ያ አገር የድምፅ አገር መሆኑ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ፣ ከአክሱም ወጥቶ በስሜን ተራሮች ዜማ እንዳስተማረና እዚያው እንደ ተሰወረ ትውፊቱ ይናገራል። ሊቃውንቱም ድምፅን ለነፋስ አልተዉትም። የንባብ ቤት ተማሪ ተነሽን ከወዳቂ፣ ሰያፍን ከተጣይ ለይቶ ማንበብ ግዴታው ነው፤ የሚወድቀውን ቢያነሣ ከየኔታ ቁጣ አያመልጥም (አንዳንዴም ከአርጩሜ)። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠሩ፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ደረት፣ ርክርክ እየተባለ ከፊደሉ ራስ ላይ ተቀመጠ።

ይህ ሁሉ ግን ለግእዙ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ደጃች ውቤን ድል ነሥተው፣ እዚያው ስሜን፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ታሪካቸውን ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ ጻፉት። አማርኛው ፊደሉን ወረሰ፤ የድምፁን ምልክት ግን ከድጓው ላይ ትቶት መጣ። አንዳንድ የሰዋስው መጽሐፍ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ያኖራል፤ በደብዳቤ ላይ ግን ማን ያኖራል? ጸሐፊው የገዛ ድምፁ በጆሮው አለና እንደ ጻፈው ይቈጥረዋል።

ቅኔ ወዳድ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም። ጥብቀቱ ቢጻፍ ኖሮ ስንቱ ኅብረ ቃል በተበላሸ፣ ስንቱ ወርቅ ከሰሙ ቀድሞ በታየ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ወረቀቱን ስገለብጥ የእኒያን እናት ፊት አይቻለሁ።

ያን ዕለት ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ሦስቱንም ጊዜ አጠበቅሁት።