ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በዠበይ ቆላ

በነጌሌና በሊበን ቆላ የምትኖሩ እኅቶች ዝናብ ሲዘገይ ስለ ነገ መጨነቅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በሌላ ቆላ የተጋዘችውን እናታችንን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን እናስባት።

የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪ የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች። በዘመኑ የአንዲት ሴት የነገ ዋስትና ባልና ልጅ ነበር። ሦስት ልጆቿን በሕፃንነታቸው ሞት ወሰደባት፤ ባሏን ግን ራሷ ተወችው። ገድሏ እንደሚተርከው፥ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ከንጉሡ ጋር ቆሞ፣ በአቡነ ስምዖን መገደልም ተባባሪ ሆኖ ነበርና።

በእግዚአብሔር ታመነች ስንል እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች ማለታችን አይደለም። ሕዝቡ በቀደመችው ሃይማኖት እንዲጸና በግልጽ አስተማረች፤ ንጉሡም ዠበይ ወደሚባል ሞቃት ቆላ ለሦስት ዓመት አጋዛት። እርሷ ግን ቀን አልቆጠረችም፤ ተከትለዋት የመጡትን ሰብስባ ኋላ ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያውን በዚያው በግዞት ስፍራ አቋቋመች።

ሱስንዮስ የቀደመችው ሃይማኖት እንድትመለስ ያወጀው በሰኔ 1624 ዓ.ም. ነው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ስታርፍ፥ ማኅበሯን ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ተረክባ መራች።