ውሃ ላይ ቀለም የዘራው ሰው

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። የማወጋችሁ የአንድ አበባና የሁለት ሰዎች ነገር ነው። ከሁለቱ አንዱን ዓለም ያውቀዋል፤ ሠዓሊ ነው፤ ክሎድ ሞኔ ይባላል። ሌላውን ከአትክልት ሰዎች በቀር ማንም አያነሣው። እኔ ወጌን የምጀምረው ካልተነሣው ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ያኛው ዕድሜውን የፈጀበት ኩሬ ላይ ከነጭ በቀር ቀለም አይታይም ነበርና። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ አገሩ የእነሱ ነው።

ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሎት የሚባለው ወንዝ በሚያልፍበት ምድር፣ በ1830 አንድ ልጅ ተወለደ። ጆዜፍ ቦሪ ላቱር-ማርሊያክ አሉት። ወላጆቹ ባለርስት ናቸው። ልጃቸው የሕግ ሰው እንዲሆንላቸው ፓሪስ ሰደዱት። የ1848ቱ አብዮት ፓሪስን ሲያናውጣት ጊዜ ትምህርቱን ተወና ወደ መሬቱ ተመለሰ፤ እዚያው ቀረ። መጀመሪያ የወደደው ቀርከሃ ነበር። ከሩቅ ምሥራቅ እያስመጣ ተከለ፣ አራባ። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ ውሃ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፓ ኩሬና ሐይቅ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚበቅል የውሃ ሊሊ አለ። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ ውሃው ላይ ይነጠፋል፤ አበባው ነጭ ነው፤ ያገሩ ተወላጅ ሁሉ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። በክረምት ውሃው ላይኛው ፊቱ በረዶ ሆኖ ሲጠጥር ሥሩ ከታች ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። በሙቅ አገሮች ደግሞ ቀዩም፣ ሐምራዊውም፣ ሰማያዊውም አለ፤ ግን የአውሮፓ ብርድ ሲነካው ይሞታል። ላቱር-ማርሊያክ አንድ የዕፅዋት ሊቅ ይህንኑ ልዩነት የጻፈውን አነበበና ልቡ ተነካ ይባላል። ብርድ የሚችለውን ከቀለማሙ ጋር ባጋባውስ? ሐሳቡ ይኸው ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ሥራው ግን ዕድሜ ወሰደ።

ለምን ዕድሜ እንደሚወስድ ልንገራችሁ፤ እኔን ከወሬው ሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ ክፍል ነው።

የውሃ ሊሊ አበባ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይከፈታል፤ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። እንዲህ ሲከፈትና ሲዘጋ ሦስት ወይም አራት ቀን ይኖራል። በመጀመሪያው ቀን ሴት ነው። መሃሉ ላይ እንደ ትንሽ ሲኒ የጎደጎደ ቦታ አለ፤ በውስጡ ፈሳሽ ይቋጥራል። ከሌላ አበባ ብናኝ ተሸክማ የመጣች ነፍሳት እዚያ ውስጥ ስትወድቅ ብናኙ ይታጠብላታል፤ አበባው ይፀንሳል። በማግስቱ ሲኒው ይደርቃል፤ አበባው አሁን ወንድ ሆኖ ራሱ ብናኝ ይሰጣል። እንግዲህ ማጋባት የሚፈልግ ሰው ያለችው ያቺ አንዲት ጠዋት ናት። ከነፍሳቱ ቀድሞ ውሃው ዳር ይገኛል፤ የመረጠውን ብናኝ ያንን ፈሳሽ ያስነካል፤ ሌላ እንዳይገባበት በጨርቅ ይሸፍነዋል። ከፀነሰም በኋላ ዕረፍት የለም። የአበባው ዘንግ ይጠቀለልና ፍሬውን ወደ ታች፣ ወደ ጨለማው ይስበዋል። ፍሬው ውሃ ውስጥ ይበስላል፤ ሲፈነዳ ዘሮቹ ለጥቂት ጊዜ ላይ ይንሳፈፉና ተበትነው ይሰጥማሉ። ያልጠበቀ ሰው ልፋቱን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። የጠበቀም ቢሆን ዘሩ በቅሎ አበባ እስኪያሳይ ዓመታት ይቆያል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚወጣው እንደ እናቱ ነጭ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው።

ላቱር-ማርሊያክ እንዲህ ሠራ። ከሜክሲኮና ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚገኘውን ብጫ ሊሊ አስመጣ። ከሰሜን አሜሪካ ሽታ ያለውን ሮዝ አስመጣ። ቀዩን ከስዊድን አገኘ። ፋገርተርን የሚባል ሐይቅ ውስጥ ያው ነጩ የአውሮፓ ሊሊ በተፈጥሮ ቀይ ሆኖ ይበቅላል፤ ሰው ሁሉ እየነቀለ ሊያጠፋው ሲል በኋላ በ1905 በሕግ ተጠበቀ። እነዚህን ሁሉ ከነጩ ጋር አጋባ። እንዴት ባለ ብልሃት እንዳጋባ ለሰው አልገለጠም። በ1911 ሲሞትም ምሥጢሩን ይዞ ሄደ።

እኛ ጋ ጉንደት ላይ በተዋጉበት ዓመት፣ በ1875፣ ታምፕል-ሱር-ሎት በሚባል መንደር የውሃ ሊሊ ማፍያ አቋቋመ። የምንጭ ውሃ በሚገባባቸው ረድፍ ረድፍ ገንዳዎች ውስጥ የሸክላ ማሰሮ ደረደረ፤ በየማሰሮው አንዳንድ ተክል። ከዚያ ቤት ብጫው ወጣ፤ ማርሊያሲያ ክሮማቴላ ብሎ ስም አወጣለት። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ሮዙ ወጣ፤ ቀዩ ወጣ፤ እንደ መዳብ የሚቀላው ወጣ። አንድ ቀለም ብቻ እምቢ አለው፤ ሰማያዊው። ብርድ የሚችል ሰማያዊ ሊሊ ሳያይ ሞተ። ያን የነፈገውን ቀለም ጣና ላይ በታንኳ የሄደ ሰው በደንገሉ ዳር ሳይተክለው በቅሎ ያየዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያን ሽማግሌ አንድ ጠዋት ጣና ዳር ባቆምኩት እላለሁ።

አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በወደቁበት ዓመት፣ በ1889፣ ፓሪስ ታላቁን ኤግዚቢሽን ከፈተች። የኤፍል ግንብ አዲስ የቆመው ያን ጊዜ ነው። ላቱር-ማርሊያክ ሊሊዎቹን ይዞ ከግንቡ ማዶ ትሮካዴሮ በሚባለው ቦታ ውሃ ላይ ዘረጋቸው፤ ተሸለመ። በዚያው ወራት ክሎድ ሞኔም ከቀራጩ ከሮዳን ጋር እዚያው ፓሪስ ሥራውን እያሳየ ነበር። አበባዎቹን መጀመሪያ ያየው ያኔ ነው ይላሉ።

ሞኔ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኝ ዢቬርኒ የምትባል መንደር ከ1883 ጀምሮ ይኖር ነበር። በ1890 ቤቱን ገዛ። በ1893 መጀመሪያ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለ ረግረግ መሬት ጨመረ። በስተዳሩ ከኤፕት ወንዝ የሚወጣ ጠባብ ጅረት ያልፋል፤ ያንን ጠልፎ ኩሬ ሊሞላ ፈቃድ ጠየቀ።

የመንደሩ ሰው ተነሣ። ጅረቱ የእነሱ ነዋ! ከብቶቻቸው ይጠጡታል፤ ሴቶቹ ልብስ ያጥቡበታል። ይህ ከከተማ የመጣ ሰው ደግሞ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቅጠል ሊከትበት ነው። ውሃችንን ይመርዝብናል አሉ። ሞኔ ያን ጊዜ ሩዋን ከተማ የካቴድራሉን ፊት እየሣለ ነበር። ወሬው ሲደርሰው ተቆጣ፤ ነገሩ ይቅር፣ ተክሎቹንም ወንዝ ውስጥ ጣሏቸው ብሎ ለሚስቱ ጻፈ። ቁጣው በረደና በሐምሌ ለአገረ ገዢው ደብዳቤ ላከ፤ የምተክለው ለዓይን ደስታ ነው፣ ለመሣልም ነው አለ። ወሩ ሳያልቅ ተፈቀደለት።

የሞኔን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ገበሬዎች እንደ አላዋቂ ይጽፏቸዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። እምቦጭን ያየ ኢትዮጵያዊ እንዴት ይፈርዳል? እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። አበባው ወይን ጠጅ፣ ያማረ ነው፤ ለውበቱ ሲባል ነው ሰው ከአገር ወደ አገር፣ ከኩሬ ወደ ኩሬ ያዞረው። እኛ ጋ በ1965 ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ላይ ታየ፤ በ2011 ጣና ገባ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አስጋሪው መረቡን የሚጥልበት አጣ፤ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፤ ንፋስ መልሶ ያመጣበታል። የዢቬርኒ ሰዎች እምቦጭን አያውቁም፤ ግን የማያውቁት ተክል የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ሊገባ ሲል ጠየቁ። መጠየቃቸው ልክ ነበር።

ሊሊው ግን ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። እምቦጭ መልህቅ የለውም፤ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ይባዛል፣ ንፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። የሊሊ ሥር ጭቃ ይዞ ይቀመጣል፤ ወፍራም ነው፣ ዝንጅብል ይመስላል። ከላቱር-ማርሊያክ ድቅሎች አብዛኞቹ ዘር አያፈሩም። ማራባት የሚፈልግ እንደ ዝንጅብል ሥሩን ቆርሶ ይተክላል፤ ያላስቀመጡበት ቦታ አይገኝም።

በ1894 ከሞኔ ትእዛዝ ታምፕል-ሱር-ሎት ደረሰ። የትእዛዙ ወረቀት ዛሬም እዚያ ቤት ተቀምጧል። ማፍያውም እስከ ዛሬ ይሠራል።

ታዲያ ይህን አበባ ማብቀል ምን ይጠይቃል ትሉኝ ይሆናል። ፀሐይ ይጠይቃል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል። ጥላ ሥር ያለ ሊሊ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አፈሩ መረሬ የመሰለ ከባድ ይሁን፤ ቀላል አፈርና ፍግ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ይሸታል። ሥሩን አጋድማችሁ ታስተኙታላችሁ፤ ቡቃያው ብቻ ከአፈሩ ብቅ ይላል፤ አፈሩ እንዳይነሣ ጠጠር ታለብሱታላችሁ። መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ቅጠሉ ሲያድግ ዝቅ ማድረግ፤ ግማሽ ሜትር ያህል ውሃ ከበላዩ ቢኖር ለብዙዎቹ ይበቃል። ትንኝ እንዳይፈለፈል ዓሣ ይጨመራል፤ ዕጩን ይለቅመዋል። በሦስት በአራት ዓመት ቅጠሎቹ ተጨናንቀው ከውሃው ቀጥ ብለው ሲቆሙ ሥሩን አውጥቶ መቁረስ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የተኛ ውሃ ይወዳል። ወራጅና ቀዝቃዛ ውሃ ያስከፋዋል፤ ፏፏቴ ወይም ፍንጣቂ የሚያርፍበት ቅጠል አይበረክትም። ቅጠሉ የሚተነፍሰው በላይኛው ፊቱ ነው፤ በዘንጉ ውስጥ ባሉ ቀዳዶች አየር እስከ ሥሩ ይወርዳል። ሞኔ የጠለፈው ጅረት ወራጅ ነው። ስለዚህ መግቢያውና መውጫው ላይ መዝጊያ ተደረገ፤ ውሃው በልክ ይገባል፣ በልክ ይወጣል፣ መሃሉ ተኝቶ ይሞቃል።

ኩሬውን ብቻ የሚጠብቅ አትክልተኛ ነበረ። በየጠዋቱ በጀልባ ይወጣል፤ የደረቀ ቅጠል ይቆርጣል፣ የጠወለገ አበባ ያነሣል፣ አልጌ ይለቅማል፣ ቅጠሉ ላይ ያረፈውን አቧራ ያጥባል። አቧራው የሚመጣው አውቶሞቢል ከሚሄድበት ከደጁ መንገድ ነበር፤ ሞኔ መንገዱ ሬንጅ እንዲለብስ ከኪሱ ገንዘብ አወጣ። ሊሊውም ኩሬውን ሙሉ እንዲሸፍን አልተተወም። እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ በመሃሉ ውሃው ባዶውን ይተዋል። ሰማዩ፣ ደመናውና የአኻያው ዛፍ የሚታዩት በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ሥዕሎቹን ቀርባችሁ ካያችሁ አብዛኛው ሸራ አበባ የለበትም፤ ያ ሰው በየጠዋቱ በጀልባ ያጸዳው ውሃ ነው።

ሞኔ ሊሊዎቹን ተክሎ ብዙ ዓመት በቅጡ አልሣላቸውም፤ ማየት ብቻ። ከዚያ ሲጀምር ማቆም አቃተው። በ1909 48 ሥዕል ፓሪስ ላይ አሳየ። ሚስቱ በ1911 ሞተች፤ የበኩር ልጁ ዣን በ1914። ዓይኑን ሞራ ጋረደው። የዓለም ጦርነት እየተካሄደ እሱ ከኩሬው አልራቀም። ጦርነቱ በቆመ ማግስት፣ በኅዳር 1918፣ ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌማንሶ ጻፈለት፤ ሥዕል ለአገሬ ልስጥ አለ። በ1923 ዓይኑን ቀዶ ጥገና አደረጉለት፤ እየሣለ በታኅሣሥ 1926 ሞተ። ሁለት ሜትር ቁመት ያላቸው ስምንት ግዙፍ ሥዕሎች በግንቦት 1927 ፓሪስ ኦራንዠሪ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ለዕይታ ተከፈቱ።

ኩሬውን ማን ይጠብቀው? ልጁ ሚሼል በ1966 ሲሞት ቤቱን ለፈረንሳይ የጥበብ አካዳሚ ተናዘዘ። ያን ጊዜ አትክልቱ ጠፍ ሆኖ ነበር፤ የኩሬው ዳር ተንዶ፣ በላዩ የነበረው ድልድይ በስብሶ። ከ1977 ጀምሮ እንደገና ቆፈሩት፤ ሊሊውም ተመልሶ ተተከለ፤ በ1980 ለሕዝብ ተከፈተ።

ዛሬ ታምፕል-ሱር-ሎት ሄዶ አንዲት ክሮማቴላ የገዛ ሰው በእጁ የሚይዘው የዚያችኑ የመጀመሪያዋን ብጫ ሊሊ ሥጋ ነው። የልጅ ልጇ አይደለችም፤ እሷው ናት፣ እየተቆረሰች የኖረች። ዢቬርኒም በሩ ለጎብኚ ሳይከፈት በየጠዋቱ አንድ አትክልተኛ ጀልባ ይዞ ይወጣል። ጎንበስ ይላል፣ የደረቀውን ይቆርጣል፣ ውሃውን ይገልጣል። አበባው ገና አልተከፈተም።